መሪ ጥያቄ፦ ፒያሳ ላይ የተሰጠ የአንድ ምስክርነት ጉዳይ

ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ምስክር አቅርቤአለሁ፤ የቀረበብኝንም በመስቀለኛ ጥያቄ ስፈትን ኖሬአለሁ። እሁድ ደግሞ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ባለ አዳራሽ የሚሰበሰብ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ነኝ፤ ረቡዕ ማታ ቤቴ ውስጥ ኅብረት እመራለሁ። የልደታው ሰውዬና የረቡዕ ማታው ሰውዬ ለብዙ ዓመት አይተዋወቁም ነበር። ያገናኛቸው ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ ነው።

ባለጉዳዮቹ እናትና ልጅ ናቸው። ልጅቷ ጽሑፉን አንብባዋለች፤ ለእናትየው እኔው አነበብኩላቸውና ሁለቱም ፈቅደዋል። ማን እንደሆኑ የሚያስለይ ነገር ቀይሬአለሁ። የቤተ ክርስቲያናችንን ስም የማልጠራበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ከጥፋቱ ትልቁ ድርሻ የእኔ ስለሆነ በአዳራሹ ማሳበብ አልፈልግም።

ልጅቷ ያኔ 34 ዓመቷ ነበር። አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች፤ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስትጠርዝ፣ ሲቪ ስትተይብ ትውላለች። ያደገችው ዶሮ ማነቂያ፣ አሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ጴንጤ እሷ ብቻ ነበረች። በ2005 ጌታን ተቀበልኩ ብላ ለእናቷ ስትነግር እናትየው ሦስት ቀን አለቀሱ። በአራተኛው ቀን «በጾም ሥጋ ይዘሽብኝ እንዳትገቢ» አሉ፤ ውሉ በዚሁ ታሰረ። ለአሥር ዓመት ያህል እናት ማኅበራቸውን ጠጡ፤ ልጅ ለዝክራቸው ድፎ እየደፋችላቸው ረቡዕ ረቡዕ እኛ ዘንድ መጣች። ማንም ማንንም አላስቸገረም።

ጥር 2015 ላይ ቤተ ክርስቲያናችን በየሳምንቱ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ምስክርነት እንዲሰጥ ወሰነ። የተመደበው ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ከኅብረቴ እሷ ተመረጠች፤ የማዘጋጀቱ ሥራ የእኔ ሆነ።

መጀመሪያ ያወራችልኝን እንደ ቃሏ ላስቀምጠው፤ የጉዳዩ ፍሬ ያ ነው፤ እኔ ነኝ የጣልኩት።

በ2005 አባቷ በጉበት በሽታ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ተኝተው ነበር። እሷ አስታማሚ ነች፤ ሌሊት ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፋ ትተኛለች። አጠገቧ ባሏን የምታስታምም ከክፍለ ሀገር የመጣች ሴት አለች። ሴትየዋ በሁለተኛው ሌሊት ምንም ሳትል ጋቢዋን ገልጣ ግማሹን አለበሰቻት። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ማታ ለባሏ ስትጸልይ የልጅቷንም አባት በስማቸው ትጠራለች። «ማን ነገረሽ ስሙን?» ብትላት፣ «አልጋው ላይ ተጽፏል» አለቻት። በሳምንቱ የሴትየዋ ባል ሞተ፤ ሬሳ ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷ ዓይኗን ስትገልጥ ሴትየዋ ጥቁሯን እንደለበሰች ፔርሙስ ይዛ ቆማለች። ቀብር ሳምንት እንኳ አልሞላውም። «ቁርስ አልበላሽም ብዬ ነው» አለች። ልጅቷ ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይታ አታውቅም፤ የለቀስተኛ ወግ ተቀምጦ መጽናናት ነው እንጂ ለሰው ቁርስ ይዞ መዞር አይደለም። «ይሄን ከየት አመጣሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እምነቷ የተጀመረው በዚያች ጥያቄ ነው። አባቷ ሞቱ። የሴትየዋን ስልክ ሳትቀበል ቀረች፤ እስከ ዛሬም አላገኘቻትም።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን አልኩ? «ጥሩ ነው፤ ግን ለመድረክ ያንሳል።»

አዘጋጁ እኔ ነኝና መጠየቅ ጀመርኩ።

«ጌታን ከማግኘትሽ በፊት ሕይወትሽ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ጨለማ አልነበረም? ቤታችሁ ውስጥ ባዕድ አምልኮ አልነበረም?»

«የለም፤ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ናት።»

«ልጅ ሆነሽ ጠንቋይ ቤት ወስደውሽ አያውቁም? አስቢ እስቲ።»

አሰበች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሰባት ዓመቷ ሳለ እናቷ ንጋት ላይ ቀስቅሰዋት በእግር ወደ ጉለሌ በኩል እንደሄዱ፣ አንድ ጨለም ያለ ቤት እንደገቡ፣ ዕጣን እንደሚጨስ፣ ቡና እንደተፈላ፣ አንድ ሽማግሌ አጎንብሶ ያጉተመትም እንደነበር፣ እናቷም «ለማንም እንዳትናገሪ» እንዳሏት አስታወሰች። «ምን እንደነበር እንጃ» አለች። እኔ ግን አወቅሁ፤ ማወቅ ምን ይገዳል!

እዚህ ላይ የሙያዬን ነገር ላንሳ። ፍርድ ቤት ራስህ ያቀረብከውን ምስክር በዋና ጥያቄ ስታናግር መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ መጠየቅ አይፈቀድልህም። «ተከሳሹ ቢላዋ ይዞ አልነበረም?» ካልክ ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አይተው «ጠበቃ፣ መሪ ጥያቄ ነው» ይሉሃል። መጠየቅ ያለብህ «ምን አየህ?» ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምስክር ውሸታም ባይሆንም የሚያከብረው ሰው የሚፈልገውን መልስ ካሸተተ ትዝታው ወደዚያው ይታጠፋል። ይህን ለጀማሪ ጠበቆች አስተምራለሁ። በዚያ ረቡዕ ማታ ግን የሚያስቆመኝ ዳኛ አልነበረም።

እሁድ ወጣች። ሆስፒታሉ ሁለት ደቂቃ አገኘ። የንጋቱ ጉዞ ሰባት። ሽማግሌው «ሲያጉተመትም» የነበረው መድረኩ ላይ «መንፈስ ሲጠራ» ሆነ፤ ዕጣኑ «የመናፍስት ጭስ» ሆነ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ኋላ ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ አሁንም ይሰማኛል፦ «አሜን ባሉኝ ቁጥር እየጨመርኩ ሄድኩ፣ ጋሼ።»

ስልክ ደቅነው የሚቀርጹ ነበሩ። አንዱ ከአሥራ አምስቱ ደቂቃ 58 ሰከንድ ቆርጦ አወጣ፤ የትኛውን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። «እናቴ ጠንቋይ ቤት ወሰደችኝ» የሚለው ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ተጽፎበት ቴሌግራም ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ቲክቶክ ተሻገረ። በአሥር ቀኑ የግቢው ጎረምሳ ቅዳሜ ቡና ላይ ለተሰበሰቡት ሴቶች ከፍቶ አሳየ። እናትየው ረከቦቱ ፊት ተቀምጠው ነበር።

አልጮሁም አሉ። ሁለተኛውን ጀበና ጥደው፣ ቀድተው፣ አብቅተው ገቡ። ከልጃቸው ጋር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጋገር አቆሙ። የካቲት ላይ የማኅበሩ ተራ የእሳቸው ነበር፤ ጠላ ጠምቀው ዳቦ ጋግረው ሲጠብቁ ጽዋው ቤታቸው ሳይገባ ወደ ቀጣዩዋ አለፈ። ማንም በግልጽ አላወገዛቸውም። «ትንሽ ይረፉ ብለን ነው» ተባሉ። ጠላውን ምን እንዳደረጉት ጠይቄ ነበር። ደፉት።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ያወቅሁት ልጅቷ ሦስት ረቡዕ ስትቀር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው። የአንድ ተማሪ ሰርተፍኬት ላሚኔት እያደረገች ነበር። ቀና ሳትል «እማዬ አታናግረኝም» አለች። ፕላስቲኩ ከማሽኑ እስኪወጣ ሁለታችንም ዝም አልን።

አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ዶሮ ማነቂያ ሄድኩ። እናትየው ስልሳዎቹን የተሻገሩ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማለች።

«እርስዎ ነዎት ያስጠኗት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ጠበቃ ነው ብላኛለች።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ጠበቃ ከሆኑ ይንገሩኝ። ዳኛ እንኳ ከመፍረዱ በፊት ሁለቱን ወገን ይሰማል። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ የግራ እጃቸውን እጅጌ ሰብስበው አንጓቸውን አሳዩኝ። አጥንቱ ወደ ጎን ወጣ ብሎ ነው የገጠመው።

«የሄድኩት ወጌሻ ቤት ነው» አሉ። «አባቷ ሰክሮ መጥቶ ጠመዘዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ አበጠ። ሰፈር ሳይነቃ ልታሽ ብዬ ሊነጋጋ ሲል ወጣሁ፤ እሷን ለማን ትቼ ልሂድ? እሱ ቤት ውስጥ ነው። ሽማግሌው ቅቤ አሙቆ እያሸ በስመ አብ ይላል፤ ሌላ ምን ይበል? ‹አትናገሪ› ያልኳት የአባቷን ነገር ነው። ጎረቤት አዳልጧት ወደቀች ብሎ ነው የሚያውቀው።»

ልጅቷ ከበሩ ወደ ውስጥ ገብታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሃያ ሰባት ዓመት የእናቷ ጥፋት መስሎ ውስጧ የተቀመጠው ነገር ከአባቷ እጅ ሲያድናት የነበረ ጉዞ ነው።

ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ስሕተት ሲታወቅ ማረም ቀላል ይመስላል። ግን በምን ይታረማል? እናትየው ከጠንቋዩ ወሬ ነጻ እንዲወጡ የወጌሻው ታሪክ መነገር አለበት፤ የወጌሻው ታሪክ ሲነገር የሟች ባላቸው ገበና ይወጣል። እሳቸው ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት የሸፈኑትን እኛ ስለተሳሳትን አይገልጡም። «የሞተ ሰው አይከሰስም» አሉ።

ሕጉም አማራጭ ነበረው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2044 ጀምሮ ስለ ስም ማጥፋት የተደነገገ አለ፤ እናትየው ሊከሱን ይችሉ ነበር፤ ይህንም ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄን ልክሰስ?» የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ገና አልወጣም ነበር።

ከቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ እናትየው ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው ቢናገሩ ታሪኩ የበለጠ ያምራል የሚል ሐሳብ አመጣ። በዚህ ሰው አልፈርድም፤ ከአንድ ወር በፊት ብሆን ሐሳቡ የእኔ ይሆን ነበር። ነገሩ ሳያልቅ ገና «ያምራል» እንላለን።

መንገዱን ያገኘችው ልጅቷ ናት፤ ለማናችንም ሳትነግር ወደ እናቷ ንስሐ አባት ሄደች። ጴንጤ ሴት ደጀ ሰላም ላይ ቄስ ፊት ስትቆም ምን እንደተሰማት እሷ ትንገራችሁ፤ የሆነውን ግን ነግራኛለች። መነኩሴው ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቋት ስለ ሃይማኖቷ አልነበረም።

«የት ነው የተናገርሽው?»

«ጉባኤ ፊት፣ አባ።»

«እንግዲያ ለጉባኤ መልሺ። የማኅበሩን ለእኔ ተዪው።»

ወጥታ ስትሄድ ጠርተዋት አንድ የግዕዝ ነገር ጨመሩላት። ምስክርነት በግዕዝ «ስምዕ» ነው፣ ሰማዕት የምንላቸው ምስክሮች ናቸው፣ ግንዱ «ሰምዐ» ነው፤ ሰማ። «ከመናገር አልመጣም» አሏት። እኔ ሰማዕታትን ስጠራ ኖሬ ይህን አስቤው አላውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ መድረክ ላይ አንድ ደቂቃ ለመነች። «ከወር በፊት ስለ እናቴ የተናገርኩት ትክክል አልነበረም። ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ ነው የተናገርኩት። እናቴ ጠንቋይ ቤት አልወሰደችኝም። ይቅርታ አድርጉልኝ።» የት እንደወሰዷት አልተናገረችም። ጭብጨባ የለም። ስትወርድ እኔ ተነሥቼ ያነሣሣኋት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ከአዳራሽ ስንወጣ አንድ ወንድም «ለኦርቶዶክስ ብላ ምስክርነቷን ካደች» ሲል ሰማሁት። እስከ ዛሬም እንዲህ የሚያስቡ አሉ።

ያን ሰሞን የሐዋርያት ሥራን እንደገና አነበብኩ። የጳውሎስ የደማስቆ መንገድ ታሪክ እዚያ ሦስት ጊዜ አለ። ምዕራፍ 9 ላይ ሉቃስ ይተርከዋል፤ 22 ላይ ጳውሎስ ራሱ በኢየሩሳሌም ለተቆጣው ሕዝብ በቋንቋቸው ይናገረዋል፤ 26 ላይ ንጉሥ አግሪጳ ፊት ይደግመዋል። ለአይሁድ ሲናገር ሐናንያ በሕጉ የተመሰገነ ሰው እንደሆነ ያነሣል፤ አግሪጳ ፊት ሐናንያን ጭራሽ አይጠቅሰውም። እንደ አድማጩ ያሳጥራል፣ ያስረዝማል። ያንን ስናስተምር ኖረናል። ሳላየው የኖርኩት ሌላ ነው፦ ጳውሎስ ጨለማውን ሲናገር የሚከስሰው ራሱን ብቻ ነው። ሲያሳድድ የነበረው እሱ፣ ሲያስር የነበረው እሱ። አስተማሪው ገማልያል እንኳ በክብር ነው የሚጠራው። የእኛ ምስክርነቶች ግን ብዙ ጊዜ ጨለማውን የሚያወጡት ከእናት ቤት ነው።

ይህ የመጣው ከየት ነው ብዬ ከኅብረቱ ትልልቆች ጋር ተጨዋውተናል። በደርግ ጊዜ ብዙ አጥቢያዎች ተዘግተው ነበር፤ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ተዘግታ ምእመናኗ ሥርዓቱ እስኪወድቅ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ሲሰበሰቡ ኖረዋል። በዚያ ዘመን ምስክርነት ማለት በር ተዘግቶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ አምስት ስድስት ለሚሆኑ ሰዎች የሚነገር ነገር ነው። ሰሚዎቹ እናትህን ያውቋታል። ብታጋንን አጠገብህ ያለችው ሴት «ኧረ እንደሱ አይደለም» ትልሃለች። ያንኑ አነጋገር እንዳለ አንሥተን ማይክራፎንና ካሜራ ፊት አቆምነው፤ «ኧረ እንደሱ አይደለም» የምትለዋ ሴት ግን አዳራሹ ውስጥ የለችም።

በእኛ ኅብረት የተለወጠው ብዙ አይደለም። ምስክርነት የሚያዘጋጅ ሰው ከታሪኩ ውስጥ በስም ወይም በዝምድና የሚጠራውን ሰው ቀድሞ ሄዶ ያናግራል፤ ሰውየው ካልፈቀደ ያ ክፍል ይቀራል። በስልክ አንቀርጽም። እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፦ «ከዚያስ?»

ሚያዝያ 2015 ላይ ጽዋው እናትየው ቤት ገባ። መነኩሴው ለማኅበሩ ምን እንዳሉ አልተነገረኝም። ልጅቷ ድፎ ደፍታ ነበር።

በ2016 መጀመሪያ፣ ጥቅምት ላይ፣ ቡና ተጠርቼ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት ጎረቤት፣ ለነገር ሳይሆን እንዲያው ጨዋታ ሲያምራት፣ «ለመሆኑ አንቺ ልጅ ምን አግኝተሽ ነው ጴንጤ የሆንሽው?» አለቻት። በአሥር ዓመት ውስጥ ያ ግቢ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው። ወደ እኔ ዞር አለች፤ እኔ ስኒዬን አየሁ። ኮሪደሩን፣ ካርቶኑን፣ ጋቢውን፣ ፔርሙሱን ነገረቻቸው። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እኛ አዳራሽ ሁለት ደቂቃ ያገኘውን ታሪክ ሴቶቹ ስኒያቸውን እንደያዙ ሰሙት።

«ክረምት ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል» እያለች ስትቀጥል እናትየው ከረከቦቱ ቀና ሳይሉ «ክረምት አልነበረም፤ አባትሽ የሞተው ኅዳር ነው» አሉ።

«ኅዳር ነበር» አለች ልጅቷ፤ ቀጠለች።

«ሴትየዋንም አውቃታለሁ» አሉ እናትየው። «ሽሮ አቀብያታለሁ። ደህና ሰው ናት። ለቅሶዋ ሳይወጣ ነው የመጣችው፤ እውነቷን ነው።»

ማንም ጌታን አልተቀበለም። ጎረቤቲቱ «እንዲህ ያለውንስ ሰው እኔም ባገኘሁ» ብላ ሦስተኛውን ጠጥታ ሄደች።

መጋቢት 2016 ላይ የፒያሳ ልማት ሲመጣ ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። የግቢው አሥራ አንድ ቤተሰብ ዳር ላይ ወዳሉ ኮንዶሚኒየሞች ተበተነ፤ ማኅበሩም ፈረሰ። ያን 58 ሰከንድ ረከቦት ዙሪያ ተቀምጠው ካዩት ሴቶች መካከል የኋላውን ሳይሰሙ የሄዱ አሉ፤ የት እንዳሉ እናትየውም አያውቁም። ይህን ጽሑፍ ሳነብላቸው የወጌሻው ነገር ይውጣ ወይ ብዬ ደግሜ ጠየቅኋቸው። «አሁንማ ሰፈሩም የለም፤ ማን እንደሆንኩ ማን ያውቃል? ጻፈው ልጄ» አሉኝ። እርስዎ ማለታቸውን ያቆሙት ያን ቀን ነው።

ቪዲዮውን ከሦስት የቴሌግራም ቻናሎች ላይ አግኝተነው ነበር። ለሦስቱም ልጅቷ ራሷ ጻፈች፦ «የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተት ነው፤ እባካችሁ አጥፉልኝ።» ሁለቱ አጠፉ። የሦስተኛው አስተዳዳሪ «እህቴ፣ ብዙ ሰው ተባርኮበታል» ብሎ መለሰላት። ትናንት ከፍቼ አየሁት፤ አለ።